«ጥቂት» የተባለው ዛይሊዲን፦ የአንድ መድኃኒት ወረቀት ግምገማ

ጥርስ ሲነቀል ድዳችን ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ ብዙውን ጊዜ ሊዶካይን ነው። ሕመም ለማስታገስ ቆዳ ላይ የሚለጠፍም አለ። ከሳጥኑ ውስጥ የሚወጣውን በደቃቅ ፊደል የታተመ ወረቀት ማን ያነበዋል? እኔ የመሐንዲስ አመል ሆኖብኝ አነበዋለሁ። ዛሬ የምተቸው አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የሊዶካይን ልጥፍ ወረቀትን ነው፤ እሱንም ስለ ካንሰርና ስለ ዘረመል ጉዳት የሚያወራውን አጭር ክፍል ብቻ።

የሚለው ባጭሩ ይኼ ነው፦ ሊዶካይን በሦስት የዘረመል ሙከራዎች ጉዳት አላሳየም። ሰውነት ሊዶካይንን ሲሰባብረው የሚወጣው «ጥቂት» ዛይሊዲን ግን አይጦች ላይ ካንሰር አስከትሏል፤ ከልጥፉ የተነሳ ደም ውስጥ የሚገኘው ዛይሊዲን ደግሞ ከቁብ የሚቆጠር አይደለም። ኧረ ቆይ! ታዲያ እንፍራ ወይስ አንፍራ?

ከሦስቱ ታዋቂው ብሩስ ኤምስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በርክሌይ ውስጥ ያዘጋጀው ሙከራ ነው። ብልሃቱ ያስቀናል። ሂስቲዲን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ራሱ መሥራት ያቃተው የሳልሞኔላ ዝርያ፣ ሂስቲዲን እምብዛም በሌለበት ሳህን ላይ ከመድኃኒቱ ጋር ይዘራል። መድኃኒቱ ዲኤንኤውን ከለወጠው አንዳንዱ ባክቴሪያ የጠፋ ችሎታውን መልሶ ያገኝና ይራባል፤ እኛ የበቀለውን እንቆጥራለን። ባክቴሪያ ጉበት ስለሌለው የተፈጨ ጉበት ይጨመርለታል፣ አብዛኛውን ጊዜ የአይጥ።

እዚህ ጋ ነው የሚቆረቁረኝ። አይጥ ሊዶካይንን የምትለውጥበት መንገድ ከሰው ይለያል። ሰው በብዛት ቆርጦ ይጥለዋል፤ አይጥ ግን በብዛት ሳትቆርጥ ኦክስጅን ትጨምርበታለች። የላንድክሩዘር ፍሬን ባጃጅ ላይ ሞክሮ «ይይዛል» እንደማለት ነው። ዛይሊዲን ለብቻው ሲሞከር ደግሞ ውጤቱ ወጥ አይደለም፤ አንዳንዱ ሙከራ ደካማ ለውጥ አይቷል፣ አንዳንዱ ምንም።

በጣም ያናደደኝ ግን «ጥቂት» የምትለው ቃል ናት። የመርፌውን ወረቀት ብታነቡ በሰው ሽንት ውስጥ ዋናው ውጤት 4-ሃይድሮክሲ-2፣6-ዳይሜቲልአኒሊን ነው ይላል። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ 2፣6-ዳይሜቲልአኒሊን ማለት ያው ዛይሊዲን ነው፣ እዚህ ላይ ኦክስጅን ተጨምሮበታል። አንዱ ወረቀት ላይ «ጥቂት» የተባለው፣ ሌላው ላይ ዘመዱ በሌላ ስም «ዋና» ሆኖ ይመጣል! ውሸት አልተጻፈም፤ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ጥቂት ሆኖ፣ ሽንት ውስጥ የሚጠራቀመው ሊበዛ ይችላል። ግን አንባቢው ይህን በምን ይወቅ?

ፍርሃቱንም ቢሆን ቁጥር ነበር የሚያስታግሰው። አፍንጫቸው ውስጥ ካንሰር የወጣባቸው አይጦች በኪሎ መኖ 3 ግራም ዛይሊዲን እየተቀላቀለላቸው 2 ዓመት በልተዋል። አንድ የጥርስ ሐኪም ካርትሪጅ፣ 1.8 ሚሊ ሊትር ባለ 2 በመቶ ሊዶካይን፣ የሚይዘው 36 ሚሊ ግራም ነው፤ ያውም ሊዶካይን እንጂ ዛይሊዲን አይደለም። ሁለት መስመር ቦታ ይበቃው ነበር።