ልዩነትን ብቻ የሚሰማው ጥንድ

ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና የሚማር ሁሉ አንድ ቀን ይህን ሥዕል ደብተሩ ላይ ይነድፈዋል፦ ጎን ለጎን የቆሙ መንታ ትራንዚስተሮች፣ ኤሚተራቸው አንድ ላይ የታሰረ። ዲፈረንሺያል አምፕሊፋየር ይባላል። እኔ እጅ የምነሳው ለስሌቱ ጥራት ነው።

ሁለቱም ቤዞች ዜሮ ላይ ሲሆኑ ኤሚተሩ ዜሮ ነጥብ ሰባት ቮልት ያህል ዝቅ ይላል። ከሥሩ ያለው 5.6 ኪሎኦም ሪዚስተር ከኔጌቲቭ 12 ቮልት ጋር ከተያያዘ፣ 11.3 ለ5.6 ሲካፈል 2 ሚሊአምፒየር ገደማ ከረንት ይሆናል፤ መንቶቹ እኩል ይካፈሉታል። አሁን አንዱ ቤዝ ላይ 60 ሚሊቮልት ብቻ ጨምሩ፤ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ወደዚያው ያጋድላል፣ እንደ ቅቤ ነጋዴ ሚዛን። ለሁለቱም እኩል የመጣውን ግን ከቁብ አይቆጥሩትም።

ሐኪም ቤት የልብ መመርመሪያው የሚቆመው በዚህ ጠባይ ነው። ከደረት ቆዳ ላይ የሚገኘው የልብ ምልክት 1 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ከመብራት መስመር ለሁለቱም ቤዞች እኩል ገደማ የሚመጣው የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ግን በብዙ እጥፍ ሊበልጠው ይችላል። ጥንዱ ባይኖር ኖሮ የልብ ትርታችን በጫጫታው ተውጦ በቀረ ነበር። እርሳስ ይዞ ይህን ሥዕል በትዕግሥት ለሚፈታ ተማሪ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሰው።