የእርሳስ የትውልድ አሻራ

በብሪታንያ ወንዞች ወደ ባሕር መግቢያ፣ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ እርሳስ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይቻላል። ዘዴው በእውነት ያስደንቃል።

እርሳስ አራት የማይፈርሱ አይሶቶፖች (በክብደት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች) አሉት፦ 204፣ 206፣ 207 እና 208። ሦስቱ ከዩራኒየምና ከቶሪየም መፈራረስ ስለሚጨመሩ፣ ምጣኔያቸው እንደ ማዕድኑ ዕድሜና አፈጣጠር ይለያያል፤ ማቅለጥም ማቃጠልም አይቀይረውም። የ206 ከ207 ጋር ያለው ምጣኔ በእንግሊዝ ማዕድን 1.18 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 በተገኘው የአውስትራሊያው ብሮክን ሂል የማዕድን ክምችት ግን ወደ 1.04 ይጠጋል። የብሮክን ሂል እርሳስ ደግሞ በብሪታንያ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር ነበር።

ከባሕር ማዶ የተቆፈረው ማዕድን በመኪና ጭስ አልፎ ጭቃ ውስጥ ሲያርፍ እንኳ አሻራውን አልጣለም! ከአሮጌ ማዕድን ማውጫ ከታጠበው እርሳስ ተለይቶ ይታያል።

ብሪታንያ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ከአጠቃላይ ሽያጭ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።