«ጃዝ» የሚለው ቃልና የገዳሪፍ የድሮ ዘፈን ምሽት

አንድ ቃል ድንበር ሲሻገር ትርጉሙን ሁሉ ይዞ አይሻገርም። ከዓረብኛ ወደ አማርኛ ስተረጉም የኖርሁት እኔ ይህን የተማርሁት ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከአንድ የጥሪ ወረቀት ነው። ከጦርነቱ በፊት እዚሁ ገዳሪፍ ውስጥ ለሚደረግ ሐፍላ የተጻፈ የዓረብኛ ማስታወቂያ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተጠየቅሁ። ወረቀቱ «ጃዝ» ይላል፤ እኔም ሳላመነታ «የጃዝ ምሽት» ብዬ ጻፍሁ። በዕለቱ አንድ አዛውንት ወገናችን የሙላቱ አስታጥቄን ዓይነት ረጋ ያለ ሙዚቃ ተቀምጠው ሊያዳምጡ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ጊታርና ድራሙ ሲጀምር ግን ፊታቸውን ወደ እኔ መለስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይደመጣል ያልኸኝ ለካ የሚጨፈር ኖሯል!» አሉኝ። አፈርሁ። በሦስተኛው ዘፈን ግን ተነሡ፤ «ይህንንማ በወጣትነቴ ጎንደር ውስጥ ጨፍሬዋለሁ፤ እኛ ትዊስት እንለው ነበር» ብለው ወደ መሐል ገቡ።

ስሕተቱ የእኔ፣ እርማቱ የእርሳቸው ነበር። በሱዳኖች አነጋገር «ጃዝ» ማለት በዑድና በቫዮሊን ከሚመራው ዘፈን ለመለየት፣ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በሳክስፎን፣ በትራምፔትና በድራም ለሚጫወት የዳንስ ባንድ የተሰጠ ስም ነው። በ1935 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦምዱርማን የተወለደው ሸርሐቢል አሕመድ «የሱዳን ጃዝ ንጉሥ» የተባለው በዚህ ትርጉም ነው። ባለቤቱ ዘኪያ አቡበከርም በዚያው ባንድ ጊታር የተጫወተች፣ በአገሩ በጊታሪስትነት ቀዳሚ የምትባል ሴት ናት። በእኛ በኩል ደግሞ አምሐ እሸቴ ሸክላ የማሳተምን መብት ለአገር ፍቅር ብቻ የሰጠውን ሕግ ተዳፍሮ በ1969 የአምሐ ሪከርድስን የመጀመሪያ ሸክላ ሲያወጣ፣ ዘፋኙ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የተገኘው ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ፈረንጆቹ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ያሉት እርሱን ነው። ስለዚህ ሮክ ኤንድ ሮልን የሚሻ የገዳሪፍ ሰው በሱዳን በኩል «ጃዝ» በሚለው ስም፣ በእኛ በኩል ደግሞ በሸክላው ዘመን ዘፈን ውስጥ ይፈልገው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ለማድመጥ ዛሬ ይቻላል። የዓለማየሁ ሥራዎች «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ እትም ዘጠነኛ ቅጽ ተሰብስበዋል፤ የሸርሐቢልን ደግሞ የበርሊኑ ሐቢቢ ፈንክ በ2020 አሳትሞታል። ዓለማየሁ ዘፈኑን የሚነዳው በድምፁ ነው፤ ይጮኻል፣ በድንገት ይገታል፣ ናሶቹም ለጥሪው መልስ ይሰጣሉ። ሸርሐቢል ግን አይጮኽም። ድምፁ ለዘብ ያለ ነው፤ እግርን የሚያነሣው ጊታሩ ነው። በእኔ አስተያየት ለብቻ ለሚያዳምጥ ሰው ዓለማየሁ ይበልጣል፤ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ መድረክ ለሚጨፍሩበት ምሽት ግን ሸርሐቢል ይሻላል። የዓለማየሁን ዘፈን ሌላ ሰው ሲዘፍነው ብዙ ጊዜ ጩኸቱ ይቀራል፣ ልኩ ይጠፋል።

እነዚህ እትሞች ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ድምፁን አጽድተው፣ የተጫዋቾቹንም ስም አስፍረዋል። ነገር ግን የምርጫው ጆሮ የእኛ እንዳልሆነ መዘንጋት የለብንም። የኢትዮፒክስ ዋና ትኩረት የሸክላው ዘመን ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘበት ከ1974 ወዲህ የሰዓት እላፊው የምሽቱን ዳንስ ሲያዳክመው፣ አምሐም በ1975 አገሩን ጥሎ ሲሄድ፣ ዘፈኑ ወደ ካሴት ገባ። ስደተኛው በመተማና በገላባት በኩል በሻንጣው ይዞት የመጣው ይህን ካሴት ነው። ከእትሞቹ ውስጥ አብዛኛው የለም። በሱዳንም ከ1983ቱ የሸሪዓ ሕግና ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የዳንሱ መድረክ ጠቧል። እንግዲህ የሁለቱም አገር ጭፈራ ከአዳራሽ ወጥቶ የተጠለለው በሰው ቤት ነው።

ታዲያ «የድሮ ዘፈን ምሽት» የሚል ወረቀት ሲደርሰን እንዴት እንምረጥ? ከስሙ በፊት መሣሪያውን እንጠይቅ። አንድ ኪቦርድ የናሱንም የድራሙንም ሥራ ከያዘ፣ ዘፈኑ የድሮ ቢሆንም ምሽቱ የድሮ አይደለም። በእነዚያ ባንዶች ዘንድ ዳንሱን የሚፈጥረው የሰዎች መተንፈስ፣ መጠባበቅና መቀባበል ነበርና። ቀጥሎ ዘፋኙ ግጥሙን እስከ መጨረሻው ያውቅ እንደሆነ እናጣራ፤ አዝማቹን ብቻ የሚደጋግም ሰው ዘፈኑን አልተማረውም። በመጨረሻም ወለሉን እንይ። ሴቶችና አረጋውያን ዳር ተቀምጠው የሚመለከቱበት ምሽት፣ ባንዱ ቢያምርም፣ የሸርሐቢልና የዘኪያ ምሽት ሊባል አይገባውም። ሦስቱ ከተሟሉ በማስታወቂያው ላይ «ጃዝ» ቢባል «ሮክ» ቢባል ግድ የለንም። ደህና ባንድ ከሌለም ከመጥፎ ኪቦርድ ይልቅ ጥሩ ካሴት በግቢ ውስጥ ማጫወት ይሻላል።

ይህን ምርጫ ከጨዋታ በላይ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። በኦምዱርማን የሚገኘው የሱዳን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ ጦርነቱ ከተነሣበት ከኤፕሪል 2023 አንሥቶ ሠራዊቱ እስካስለቀቀበት እስከ ማርች 2024 ድረስ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ነበር። የአንድ አገር የድምፅ መዝገብ ያለበት ቤት የጦር ሜዳ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ጊዜ ከካርቱም የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ሲጎርፍ ብዙው ሰው ነፍሱን እንጂ ካሴቱን አልያዘም። እንግዲህ በቁም ሣጥናችን ውስጥ አቧራ የለበሰው ካሴት፣ አማርኛም ይሁን ዓረብኛ፣ ዛሬ ዋጋው ሌላ ነው። በገበያው ስልክ ከሚጠግኑት ልጆች ዘንድ ወስደን ወደ ሚሞሪ እናስገልብጠው፤ የዘፋኙንና የተቀዳበትንም ዘመን፣ የምናውቅ እንደሆነ፣ አብረን እናስጽፍ።

እኒያ አዛውንት ያን ምሽት ሲሰናበቱኝ፣ «ሌላ ጊዜ ስትጽፍ ጫማ ቀይራችሁ ኑ በል» ነበር ያሉኝ። እስከ ዛሬ «ጃዝ» ለሚለው የሱዳን ቃል ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁም።