ጽሑፉ ተረፈ፤ ጥራዙስ?

እስካሁን በዚህ መጽሔት ላይ ሂስ ስንጽፍ የመጽሐፍን ሐሳብ፣ የልቦለድን አወቃቀር፣ የግጥምን ቤትና ምት ስንመዝን ኖረናል። መጽሐፉ ራሱ፣ ማለትም ቆዳው፣ እንጨቱና ጅማቱ፣ የሂስ ጉዳይ ሊሆን ይችላል ብለን አስበን አናውቅም። ይህን ያላሰብነው ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም። ስለ ኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የተጻፈው ሁሉ ተሰብስቦ ቢመዘን፣ ስለ ጽሑፉ የተባለው ስለ ጥራዙ ከተባለው እጅግ አብልጦ ይደፋል። ዛሬ ስለ ጥራዙ የተናገሩ ጥቂት መጻሕፍትን እናነሣለን፤ ነገር ግን መጻሕፍቱን በሚገባ ያነበብናቸው እጃችን ወስፌ ከጨበጠ በኋላ ስለሆነ፣ አስቀድመን የእጃችንን ነገር መናገር ግድ ይሆንብናል።

ባለፈው የብርድ ወራት ከማኅበራችን የሥነ ጽሑፍ ክፍል አምስት ሆነን፣ በምንኖርበት ከተማ ጥንታዊ የመጽሐፍ ጥረዛ በሚሰጥበት አንድ የማታ ትምህርት ቤት ተመዘገብን። የሙያው ፍቅር ይዞን አልነበረም፤ በማስታወቂያው ላይ «የኢትዮጵያ ጥራዝ» የሚል ነገር አይተን፣ ጉጉትና ቅናት የተቀላቀለበት ስሜት ስለገፋፋን ነው። መምህርቷ የአገሬው ተወላጅ፣ እጃቸው የተባረከ ባለሙያ ናቸው። በመጀመሪያው ምሽት ከየት እንደመጣን ሲረዱ ደስ ብሏቸው፣ ሥራው በቋንቋችን ምን እንደሚባል፣ ገበታው፣ ክሩ፣ ቆዳውን የሚያትመው ብረት እያንዳንዱ ምን ስም እንዳለው ጠየቁን። አራታችን ዝም አልን። አምስተኛው በልጅነቱ ለድቁና የተማረ ስለነበር «ድጉስ» አለ፤ ቀጥሎ «ማኅደር» አለ፤ ከዚያ በኋላ እርሱም ዝም አለ። ስለ አክሱም ሥልጣኔ እስከ እኩለ ሌሊት የምንከራከር ሰዎች፣ የወስፌውን ስም እንኳ ከእናቶቻችን የስፌት ሥራ ተውሰን ነው የሰጠናቸው።

ሥራው እንዲህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አራት ድርብ ብራና አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ ይታጠፍና ስምንት ቅጠል ያለው አንድ ጥራዝ ይወጣዋል። (ጥራዝ የሚለው ቃል ለአንዱ እጥፍም ለተሰፋው መጽሐፍ ሁሉም ስለሚነገር፣ እንዳያምታታ ከዚህ በኋላ ትንሹን እጥፍ እንለዋለን።) እጥፎቹ በወገባቸው ላይ ይበሳሉ፤ ለትንሽ መጽሐፍ ሁለት፣ ከፍ ላለው አራት ቀዳዳ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ። ክሩ ከጅማት ወይም ከአንጀት የተፈተለ ነው። በክሩ ሁለት ጫፍ ሁለት መርፌ ይገባል፤ መርፌዎቹ በጥንዱ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጡና ከሥር ባለው እጥፍ ስፌት ውስጥ ተሹለክልከው ወደሚቀጥለው እጥፍ ይሻገራሉ። እንዲህ እየተያያዘ ሲሄድ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ እንደ ሹሩባ ያለ ሰንሰለት ይበጃል። የመካከለኛው ዘመን የአውሮጳ ጠራዥ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ገመድ ወይም ጠፍር አጋድሞ እጥፉን ሁሉ በእርሱ ላይ ይሰፋ ነበር። በእኛ ጥራዝ ግን እንዲህ ያለ ድጋፍ የለም፤ እጥፍን የሚይዘው እጥፍ ነው። ጀርባው በሙጫ ስላልታፈነ መጽሐፉ ሲገለጥ ሳይታገል ይዘረጋል። አትሮንስ ላይ የተኛ መጽሐፍ ተነሥቶ የማይዘጋው በጸሎት ኃይል ሳይሆን በዚህ ስፌት ነው።

ገበታው እንደየአገሩ ከዋንዛ ወይም ከወይራ ይጠረባል። ክሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከገበታው ጠርዝ ገብቶ በሰያፍ በገጹ በኩል ይወጣል። እኛን ያዋረደን ይህ ቀዳዳ ነው። በመጽሐፍ ላይ ሲታይ አንዲት አጭር የተጋደመች መስመር ናት፤ በእጅ ሲሠራ ግን የእንጨቱን ጭረት አውቆ መያዝን፣ መብሻው ሲከብድ ማቆምን፣ ሊሰነጠቅ ሲል የሚሰጠውን ድምፅ መስማትን ይጠይቃል። ከአምስታችን የሦስታችን ገበታ ተሰነጠቀ።

ብዙ መጻሕፍት በዚሁ በባዶ እንጨት ይቀራሉ። ቆዳ የሚለብሱት ባሕር አረብ ይቀርብላቸዋል፤ ጠርዙ እስኪሳሳ ተፍቆ፣ በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ፣ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በገበታው ውስጠኛ ገጽ፣ ቆዳው ሳይደርስ የሚቀረው መካከለኛ ስፍራ በጨርቅ ይሞላል፤ አስጻፊው ባለጸጋ ከሆነ ከባሕር ማዶ በመጣ ሐር። ከራስጌና ከግርጌ የተጎነጎነ ቀጭን ቆዳ ይሰፋል። በመጨረሻ ቆዳው ረጠብ እንዳለ በጋለ ብረት ይደጎሳል፤ በዙሪያው መስመር በመስመር ላይ፣ በመካከሉ መስቀል። ወርቅ አይነካውም። ጌጡ ብረቱ ያሳረፈው ጥልቀትና ጥላ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ከሞከርን በኋላ ወደ መጻሕፍቱ ተመለስን። የፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ የኢትዮጵያ መጽሐፍ አሠራር ጥናት እ.ኤ.አ. በ1981 በሆላንድ አገር በለይደን ከተማ በእንግሊዝኛ የታተመች አነስተኛ መጽሐፍ ናት። ጸሐፊዋ የአገሩን ታሪክና የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ከውስጥ የሚያውቁ ሊቅ ናቸው፤ ስለሆነም መጽሐፍ ከሚሠራበት ዓለም ተለይቶ እንደ ዕቃ አይታይባቸውም። ብራናው ከአስጻፊው፣ አስጻፊው ከደብሩ ጋር እንደተያያዘ ይታያል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በእርሷ መሪነት ብቻ መጽሐፍ ልንጠርዝ ብንነሣ ክሩ ወዴት እንደሚዞር ግራ ይገባን ነበር። ከዚህ የሚበልጠው ቅሬታችን የቋንቋዋ ነገር ነው። የመሣሪያዎቹ ስም የሚኖረው በአማርኛ ነው፤ ያ ስም በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር መካከል እንደ እንግዳ ተቀምጦ ሲታይ ያሳዝናል። ጸሐፊውን አንወቅስም። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለውን ጥናት የሚያሳትምና የሚገዛ ማን ነበር? ጥያቄው ወደ እኛው ይመለሳል።

ስለ ክሩ መንገድ የነገረን የያኖሽ ሲርማይ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ይህ ትልቅ ሥራ የመካከለኛውን ዘመን የመጽሐፍ ጥረዛ አርኪዎሎጂ የሚመረምር ሲሆን፣ ለኢትዮጵያ ጥራዝ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ሰውዬው የሕክምና ምሁር የነበረና ኋላ ወደ ጥረዛ የዞረ ነው። በእርግጥም የአስከሬን መርማሪ ዐይን አለው፤ እያንዳንዱን ስፌት በሥዕል ይፈታል፤ የሚናገረውን በራሱ እጅ ሠርቶ የፈተነ መሆኑም ያስታውቃል። እኛ ሦስት ምሽት ሙሉ የተቸገርንበትን የጥንዱን መርፌ አካሄድ አንድ ሥዕሉ ፈታልን። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን አርኪዎሎጂ የሚለው ስም ራሱ ያሳስበናል። ምዕራፉ የተቀመጠው ከግብጻውያን ቅብጦች ጥራዝ ቀጥሎ ነው። ስለ ጥረዛ በሚጻፉ የምዕራባውያን መጻሕፍት የኢትዮጵያ ጥራዝ ብዙ ጊዜ የሚወደሰው፣ የቅብጦቹን ጥንታዊ አሠራር ሳይለውጥ አቆይቶ ስላሳየ ነው። ዝምድናውን አንክድም፤ ሰንሰለቱ ሰንሰለት ነው። የግብጹ ጥራዝ የተገኘው ከአሸዋ ውስጥና ከገዳም ፍርስራሽ በቁርጥራጭ ስለሆነ፣ ሊቃውንቱ የጎደለውን ለመሙላት ወደ ሕያው ዘመዱ መመልከታቸው አያስገርምም። የሚያስከፋን ሕያው ሰው ለሙት ምስክር ብቻ ሆኖ ሲጠራ ነው። በጎጃም ወይም በጎንደር ገጠር ደጁ ላይ ተቀምጦ ገበታ የሚበሳው ሰው ሥራውን ስለ አራተኛው መቶ ዓመት ማስረጃ ይሆናል ብሎ አልያዘውም። ትእዛዝ ተቀብሏል፤ እስከ በዓሉ ማድረስ አለበት። ገበታውን ከለመደው እንጨት ወደ ሌላ ቢለውጥ ወይም በጅማት ፈንታ የገበያ ክር ቢጠቀም ለተመራማሪው ጥፋት ሊመስል ይችላል፤ ለእርሱ ግን ኑሮ ነው።

በዚህ ረገድ ጆን ሜለርስና አን ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ2002 በለንደን ያሳተሟቸው ሁለት ትንንሽ መጻሕፍት የተለየ መንገድ ይዘዋል። አንዱ በኢትዮጵያ ገጠር ስላለው የመጽሐፍ ሥራ፣ ሁለተኛው ስለ ደቡብ ጎንደር ጸሐፊዎች ነው። የሲርማይ ጥልቀት የላቸውም፤ የሥርግው ስፋትም የላቸውም። ያላቸው ነገር ሠሪውን በሕይወት ማግኘታቸው ነው። ከሁሉም ይልቅ ለማንበብ የቀለሉን እነርሱ ናቸው፤ ከአንድ ጊዜ በላይም አነበብናቸው።

ነገሩ የመጻሕፍት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃን ነበር። ጽሑፉን አክብሮ ጥራዙን መናቅ ግን ያስከተለው ጉዳት አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት መጻሕፍት 350 ያህሉ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። መዝረፉን ሁላችንም እናውቃለን፤ በየስብሰባችንም እናነሣዋለን። ያላነሣነው ነገር፣ በአውሮጳ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከገቡት የኢትዮጵያ ብራናዎች ብዙዎቹ ያረጀ ስፌታቸው ተፈትቶ በአውሮጳ ስልት እንደ አዲስ መጠረዛቸውን ነው። ያደረጉት በክፋት አይደለም፤ ለመጽሐፉ አስበው ነው። ይሁን እንጂ የተፈታው ጅማት ተጥሏል፤ ቀዳዳዎቹ በሌላ ቀዳዳ ተሸፍነዋል፤ ጀርባው በሙጫ ታስሮ ብራናው እንደ ልቡ አልገለጥ ብሏል። የነገሥታቱ ስም ያለበት ቅጠል ሁሉ ተቆጥሮ ተመዝግቦ ሳለ፣ የጠራዡ እጅ የተጻፈበት ሌላው ገጽ ግን ሳይነበብ ጠፍቷል። በአገር ቤትም ቢሆን አልዳነም። ከአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት በካርቦን ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን ውስጥ የሚወድቁ ናቸው፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረገላቸው ጥገና ግን ያልተጠነቀቀ ስለነበር፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት ጠጋኞች የቀደመውን ስሕተት ማረም ነበረባቸው።

ሌላው የማይክሮፊልሙ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው ያ ሥራ በአብዮትና በጦርነት መካከል ሆኖ 9 ሺህ ያህል ብራናዎችን በፊልም አንሥቷል፤ ቅጂው በሚኒሶታ በኮሌጅቪል ተቀምጧል፤ እንደ እኛው ስደተኛ የነበሩት ጌታቸው ኃይሌም ለብዙ አሥርተ ዓመታት ካታሎጉን ሲያዘጋጁ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል። ይህ ሥራ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምናነበው ብዙ ጽሑፍ ባልኖረ ነበር፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ግን ፊልም ገጹን እንጂ ጀርባውን አያሳይም። ከእነዚያ መጻሕፍት የተቃጠለ ወይም የተሸጠ ቢኖር፣ ቃሉ ተርፎ ክሩ ቀርቷል።

ስለ ሠሪው ደግሞ ከፈረንጆቹ ይልቅ ራሳችንን ብንወቅስ ይሻላል። በብራናው መጨረሻ የአስጻፊው ስም አለ፤ አንዳንዴም የጸሐፊው አለ፤ የጠራዡና የደጓሹ ስም እምብዛም አይገኝም። ቆዳውን ያለፋው ሰው ስም ደግሞ ጭራሹን አይፈለግም። የቅኔ መምህራን ከማን ወደ ማን እንደተላለፉ በቃል ይቆጠራል፤ ብረቱን ከማን ወርሶ ለማን እንዳስተላለፈ የሚጠይቀው ማን ነው? በአገራችን ቆዳ ፋቂው በንቀት ስም ይጠራ፣ ዘሩም ከጋብቻና ከርስት ይገለል እንደነበር እናውቃለን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ አዋጁ መውጣቱ ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይመሰክራል። መስቀል የተደጎሰበትን ቆዳ እየተሳለመ ቆዳውን ያለፋውን ሰው ከደጁ የሚያርቅ ኅብረተሰብ ነው የወለደን። እኛ ተማሮቹም ብንሆን ከዚያ ልማድ ጨርሰን አልወጣንም። ከመካከላችን አንዱ ለአባቱ በስልክ ጥረዛ እየተማረ መሆኑን ሲነግር፣ አባትዬው «ለዚህ ነው እንዴ ባሕር ያሻገርሁህ?» ብለውታል። ሳቅን፤ ሳቃችን ግን ብዙም አልዘለቀም።

ትምህርቱ ካለቀ አሁን አራት ወር ሆኖታል። ዲያቆን የነበረው ጓዳችን በአገር ቤት ለሚያውቃቸው አንድ አዛውንት መሪጌታ ደብዳቤ ጽፎ፣ የብረቶቹንና የስፌቱን ስም አንድ በአንድ ጠይቋል። መልሱ ገና አልደረሰም፤ ሲደርስ እንዳለ በዚህ መጽሔት እናትመዋለን። አንባቢዎችም በቤታችሁ ይህን ሥራ የሚያውቅ አባት ወይም አጎት ካለ ቃሉን ጽፋችሁ ላኩልን። አምስቱ መጻሕፍት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ናቸው። የተሰነጠቁትን ሦስቱን ገበታዎች አልጣልናቸውም። መምህርቷ ከአንድ ያረጀ የኢትዮጵያ ዳዊት ፎቶግራፍ አምጥተው፣ ስንጥቁ ግራና ቀኝ ተበስቶ በጅማት እንደተሰፋ አሳይተውን ነበርና፣ የእኛንም እንደዚያው ሰፋናቸው።