ስለ አሻንጉሊት ቀሚስ፤ በሰብሳቢዎች ሚዛን ላይ የቀረበ አጭር ሒስ

አሮጌ የፕላስቲክ አሻንጉሊት መሰብሰብ በአውሮፓና በአሜሪካ የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ሰብሳቢዎቹ አብልጠው ከሚፈልጓቸው አንዱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራው ነው። ከዚያ በፊት ብዙው አሻንጉሊት ከእንጨት ብናኝና ከሙጫ ይሠራ ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1950ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ ደግሞ ለስላሳው ቪኒል ቦታውን ወሰደ። ስለዚህ የጠንካራው ፕላስቲክ ዘመን አጭር ነበር።

ሰብሳቢዎች አሻንጉሊቱን ሲመዝኑ በመጀመሪያ በጀርባው ወይም በማጅራቱ የታተመውን የፋብሪካ ምልክት ይፈልጋሉ፤ ቀጥሎም ልብሱ ከፋብሪካው ሲወጣ የለበሰው መሆኑን ይመረምራሉ። ልብሱ የተለወጠ እንደ ሆነ ዋጋው ይወርዳል። ይህ ሚዛን ዕቃው የትና መቼ እንደ ተሠራ ለማወቅ መጥቀሙን አንክድም። ነገር ግን እንዳለ ወደ አገራችን ሲመጣ ዋናውን ነገር ይጥላል ብለን እናምናለን።

ምሳሌያችን ከየካ ነው። ከሾላ ገበያ ብዙ ሳይርቅ በሚገኝ አንድ ቤት፥ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ እናት በልጅነታቸው የተሰጠቻቸውን አሻንጉሊት አሳዩን። በጀርባዋ የእንግሊዝ አገር ምልክት አለ፤ ሲያስተኟት ዐይኗን ትከድናለች። የለበሰችው ግን የሐበሻ ቀሚስ ነው። የሰፉት የባለቤቲቱ እናት ሲሆኑ ጨርቁም ከራሳቸው ያረጀ ነጠላ የተቈረጠ ነው። ጥለቱ ለሰው የተሸመነ ስለ ሆነ ከቀሚሱ ግርጌ ተነሥቶ እስከ ወገቧ ይደርሳል። አንድ ሰብሳቢ መጥቶ «ቀሚሱ ዋጋዋን ያወርደዋል» ቢላቸው፥ «እንግዲያውስ ልጄ፥ እሷን ውሰድና ቀሚሷን ተውልኝ» አሉት።

በዚህ መልስ ውስጥ ከብዙ ካታሎግ የበለጠ ዕውቀት አለ። የአሻንጉሊቷ አካል ከአንድ ቅርጽ ማውጫ በብዛት ከወጡት አንዱ ነው። ቀሚሱ ግን አቻ የለውም፤ ነጠላ ሲያረጅ ምን ይደረግበት እንደ ነበር፥ አንዲት እናትም የባዕዱን ዕቃ ለልጇ እንዴት የቤት ሰው እንዳደረገችላት ይመሰክራል።

ጕዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ከእነዚህ አሻንጉሊቶች ብዙዎቹ የተሠሩበት ሴሉሎስ አሴቴት የተባለው ፕላስቲክ ሲበላሽ የሆምጣጤ ሽታ እያወጣ ይጣመማል፤ የሚወጣውም አሲድ ጨርቁንና በአጠገቡ ያለውን ዕቃ ይጐዳል። ስለዚህ አሻንጉሊቱ ከነልብሱ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ልብሱ ይለካ፤ ማን እንደ ሰፋውና ከምን እንደ ተሰፋ ከባለቤቱ አፍ ይጻፍ። ሽታው የተሰማ እንደ ሆነ ልብሱ ወልቆ ለብቻው ይቀመጥ፤ ነገር ግን የማን ልብስ እንደ ሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ አይለየው።

በ1955 ዓ. ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፥ ዕቃዎችን ከልጅነት እስከ ሞት በሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ያሰለፈበት ሥርዐት ትክክለኛውን መንገድ ያመለክተናል። የየካዋም አሻንጉሊት ስፍራዋ ከፋብሪካዎች ተራ ሳይሆን ከልጅነት ክፍል ነው፤ ያውም ቀሚሷን እንደ ለበሰች።