ቀይ ክር በጆንያው አፍ ላይ

ልጅ ሆኜ ጫጫ ወፍጮ ቤት ገብስ ላስፈጭ ስላክ እናቴ የጆንያውን አፍ የምታስረው በቀይ ክር ነበር። ክሩን ጆንያው ላይ ሰፍታዋለች። ባለወፍጮው የማን እህል እንደሆነ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ተፈጭቶ ሲያልቅ «ባለ ቀይ ክር!» ብሎ ይጣራል። ክሩን ጨብጬ ስጎትት ጆንያው አብሮ ይመጣል።

በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የታይመር ኮልባክ ባነበብኩ ቁጥር ያ ክር ትዝ ይለኛል። ኮልባክ ማለት «ሰዓቱ ሲደርስ ይህን ፈንክሽን ጥራልኝ» ብሎ ለከርነሉ አደራ መስጠት ነው። ታዲያ ፈንክሽኑ ሲጠራ የማንን ሥራ እንደያዘ በምን ይወቅ? ድራይቨሩ አንድ ሆኖ የኔትወርክ ካርዶቹ ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ።

ቀድሞ ታይመሩ ከፈንክሽኑ አድራሻ ጎን «ዳታ» የሚባል ቁጥር ይይዝ ነበር። ፕሮግራመሩ የመሣሪያውን አድራሻ ወደ ተራ ቁጥር ለውጦ ያስቀምጣል፤ ኮልባኩ መልሶ ይለውጠዋል። ስምን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለባለወፍጮው እንደ መስጠት ነው፤ ወረቀቱ ከሌላ ጆንያ ጋር ቢሄድ ኮምፓይለሩ ትንፍሽ አይልም። ሜሞሪውን የደፈረ አጥቂም የሚጠራውንና የሚሰጠውን በአንድ ምት ይቀይራል።

አዲሱ አሠራር ታይመሩን በመሣሪያው ስትራክት ውስጥ፣ ማለትም የመሣሪያው መረጃ በአንድነት በተቀመጠበት የሜሞሪ ቦታ፣ ይሰፋዋል። ከርነሉ ለኮልባኩ የሚያቀብለው የታይመሩን አድራሻ ብቻ ነው። ታይመሩ ከስትራክቱ መነሻ 40 ባይት ርቆ ከተቀመጠ፣ ኮንቴነር_ኦፍ የተባለው ማክሮ ከአድራሻው ላይ 40 ይቀንሳል፤ መላው ስትራክት እጅ ገባ! ያን 40 ደግሞ ማንም በእጁ አይጽፈውም። ኮምፓይለሩ ቆጥሮ ያገኘዋል፤ ነገ ከታይመሩ በፊት ሌላ ነገር ቢጨመር እንደገና ይቆጥራል። ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚቀረው አንዲት መቀነስ ናት። በ64 ቢት ማሽን የ«ዳታ»ው 8 ባይትም ከየታይመሩ ይቀራል። እንዲህ ያለ ቁጥብ ስፌት ደስ ይለኛል።

ኬስ ኩክና ሌሎች የከርነል ሠሪዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ቦታዎችን አንድ በአንድ ፈተው እንደገና ሰፍተው፣ ለውጡ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ በወጣው ሊኑክስ 4.15 ተጠናቀቀ። ትዕግሥታቸው ከብልሃቱ አያንስም።

መሣሪያው ራሱ ከርነሉን ሲጠራ (ኢንተራፕት ይሉታል) የሚሠራው ኮልባክ ግን ዛሬም ለብቻው የሚሰጥ ፖይንተር፣ ማለትም አድራሻ፣ ይቀበላል፤ ትክክልም ነው። እዚያ ወረቀቱ ራሱ ሥራ አለው፦ አንዱን መስመር ብዙ መሣሪያዎች ሲጋሩትና አንዱ ሲወጣ፣ ከርነሉ የማንን ኮልባክ እንደሚነቅል የሚለየው በዚያው ፖይንተር ነው።