ጋቢ የለበሰው ጠረጴዛ

ሰኔ 30 ካርድ ተሰጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የእኛም የንባብ አዳራሽ አብሮ የተዘጋ ያህል ነው። በሩ ክፍት ነው፣ እኔም አለሁ፣ ሰው ግን የለም። ግንቦት ላይ ወንበር አጥተው መስኮት ደፍ ላይ ተቀምጠው ያጠኑ የነበሩት ልጆች ሐምሌ ሲገባ ወዴት እንደሚሄዱ እንጃ። እውነቱን ለመናገር ግንቦትም ላይ ቢሆን አንባቢ አልነበሩም። ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ በእኛ ጠረጴዛና መብራት ይሠራሉ፣ ደብተራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ወደ መደርደሪያው ዞር ብሎ የሚያይ ከሃያ አንድ ቢገኝ ነው። እዚህ አገር ቤተ መጻሕፍት ማለት ማጥኛ ቤት ነው፤ ፈተና ካለቀ ማን ምን ሊሠራ ይመጣል?

በአንድ የወጣት ማዕከል ውስጥ ባለች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የክረምት ንባብን የጀመርኩት ከሌላ ሰምቼ ነው። አሜሪካኖች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ልጆች በእረፍታቸው ያነበቡትን እየቆጠሩ የማበረታታት ልማድ አላቸው። እኔም ካርቶን ገዝቼ፣ መስመር አስምሬ፣ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፦ አሥር መጽሐፍ ላነበበ አንድ ደርዘን ደብተር። ነሐሴ ላይ ደብተር ምን ያህል እንደሚወደድ የሚያውቅ ወላጅ ልጁን ገፍቶ ይልክልኛል ብዬ ነበር፤ አልተሳሳትኩም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ቀን ሰባት መጽሐፍ «ጨረሰ»። ጽፎ ያመጣልኝን ማጠቃለያ ሳየው ሰባቱም ከጀርባ ሽፋን የተገለበጡ ናቸው፤ የአንዱንማ የማተሚያ ቤቱን ስልክ ሳይቀር ጽፎታል። ተቆጣሁት።

«ጋሼ፣ እርስዎ የጠየቁት ቁጥር አይደል እንዴ?» አለኝ፣ ከልቡ ግራ ተጋብቶ።

ደብተሩን ሰጠሁት። ሦስት ታናናሾች እንዳሉት በኋላ ነው የሰማሁት።

ከካርቶኑ የባሰው ጥፋቴ ግን «ወስዳችሁ አንብቡ» አለማለቴ ነው። መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መጽሐፉ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በስሜ ተመዝግቧል፤ ከጠፋ ከደመወዜ ነው። ስለዚህ መታወቂያ አስይዙ እንል ነበር። የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ነው፤ የተማሪ መታወቂያ ደግሞ ትምህርት ሲዘጋ ዘመኑ ያልፍበታል። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ለማንበብ ጊዜ በሚያገኝበት በዚያው ወር የሚያስይዘው ነገር የለውም ማለት ነው። ይህን ደንብ በገዛ እጄ በር ላይ ለጥፌ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ «የዘንድሮ ወጣት አያነብም» እያልኩ ሳማርር ኖሬአለሁ።

ልቤን የመለሰው የጠፉ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። በጀት ሲዘጋ ንብረት ይቆጠራል። በአንዱ ዓመት ቆጠራ የጎደሉትን ጽፌ ስጨርስ ወረቀቱን ዝም ብዬ አየሁት። የመማሪያ መጽሐፍ አንድም የለበትም። «ዴርቶጋዳ» ሁለቱም ቅጂ የለም፤ ተከታዩ «ራማቶሓራ»ም ተከትሎት ሄዷል። ከሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ሽፋኑ ብቻ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። የማያነብ ልጅ ይህን አይሰርቅም። ዝርዝሩን ለኃላፊው ከማስረከቤ በፊት አንድ ኮፒ ለራሴ አስቀረሁ፤ የሚቀጥለው ዓመት የግዢ ጥያቄዬ ከሞላ ጎደል እሱ ነበር።

ልጆቹን ድምፃቸውን እየቀዱ የማስተረኩ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በዝናብ ምክንያት ነው። ከሰዓት ላይ ሜዳው ሲጨቀይ ኳስ ተጫዋቾቹ በረንዳችን ሥር ይጠለላሉ። ጭቃ እንዳያስገቡብኝ እጠብቅ ነበር እንጂ አስገባቸዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን በረዶ ስለጣለ ከፈትኩላቸው። አንደኛው ስልኩ ላይ ድምፁን እየቀዳ የኳስ ዘጋቢ ያስመስላል፤ ጓደኞቹ ይንከተከታሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አውርጄ «እስቲ ፊታውራሪ መሸሻን አስመስል» አልኩት። መሸሻ ማን እንደሆኑ አያውቅም። መጽሐፉ ከታተመበት ከ1958 ጀምሮ ስንቱ አንብቦታል፣ ስንቱ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶታል፤ እነዚህ ልጆች ግን ከእናት አባታቸው አፍ ስሙን ብቻ ነው የሚያውቁት። ስለ ፊታውራሪው ኩራትና ቁጣ ትንሽ ነገርኩትና ገጹን ገልጬ ሰጠሁት።

ተንተባተበ። ሳቁበት። እንደገና ጀመረ። ድምፁ ገና እየጎረመሰ ስለሆነ ፊታውራሪው ሊያስፈራሩ ሲነሱ መሐል ላይ ይቀጥንባቸዋል። በዚያ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስልኩ የሚቀዳው ዝናብ ብቻ ሆነ። ታናሽ ወንድሟን አዝላ የምትመጣ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሕፃን ማስገባት ክልክል ነው የሚለውን ደንብ ለእሷ ስል እንዳላየሁ የማልፈው። ጋቢዬን ከወንበሬ ላይ አንስታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችውና ከሥሩ ገቡ። ጋቢው ውስጥ ድምፁ አማረ። ከውጭ ቆሜ እቆጥር ጀመር፤ ያቺ አንድ ገጽ ዘጠኝ ጊዜ ተነበበች። ስድስተኛው ላይ ልጅቷ አቋረጠችው፦

«ቆይ፣ እዚህ ጋ እኮ እየተቆጣ አይደለም። ፈርቶ ነው።»

ትስማማም አትስማማም፣ ይህ የሚባለው መጽሐፍ ላነበበ ሰው ነው። በአሥር መጽሐፍ ካርቶኔ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ካርቶኑን ቀድጄ አነሳሁት። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ገጽ እየተመረጠ ይቀዳል፣ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ሙሉ መጽሐፍ እንዳይጭኑ ከልክያለሁ፤ የደራሲ እንጀራ ነው፣ እኛም ቤተ መጻሕፍት ነን እንጂ የኮፒ ሱቅ አይደለንም። ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጉዱ ካሳን ማን ይሁን በሚለው ተኳርፈው አንድ ሳምንት ሳይመጡ ቀርተዋል። ማንበብ የሚከብደው ልጅ «ቀጂ» ይሆናል፤ ስልክ ይዞ፣ መጽሐፉን ከፊቱ ዘርግቶ፣ የተሳሳተውን መስመር በጣቱ ያሳያል። አንዱ ቀጂ በአራተኛው ሳምንት «ጋሼ፣ ይቺን አጭሯን እኔ ልሞክራት?» አለኝ። ሞከራት፤ ጥሩ አልነበረም፤ ተለቀቀች።

ሁሉም አልተሳካልኝም። ነሐሴ ሲጋመስ ሴቶቹ ይመናመናሉ፤ የቤቱ ሥራ፣ ቀጥሎም የዘመን መለወጫው ዝግጅት እነሱን ነው የሚጠራው። ሰዓቱን ለእነሱ እንዲመች ሳዞረው ጥቂቶቹ ተመለሱ፣ ሌሎቹ ቀሩ። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚጠብቁትን ደግሞ በምንም ላመጣቸው አልቻልኩም።

መታወቂያውን ትቼዋለሁ። ተራ ደብተር ላይ የልጁን ስም፣ የእናቱን ስልክና የመጽሐፉን ስም እጽፋለሁ፤ በደንቡ ይህ አያስኬድም። ባለፈው ቆጠራ ሁለት መጽሐፍ ጎደለብኝ። አንዱ ኅዳር ላይ በካኪ ወረቀት ተለብጦ፣ ሲቀዱ ትንፋሽ የሚወስዱባቸው ቦታዎች በእርሳስ ተጭረውበት መጣ። የሁለተኛውን ልክፈል ብዬ ንብረት ክፍል ብሄድ፣ ጀርባው ላይ በታተመው በድሮው ዋጋ ይሁን ወይስ በገበያው፣ እስካሁን እየተከራከርን ነው።